መነሻ ነጥቡና አቅጣጫው የታወቀ ቬክተርን በባለ ሦስት ልኬት ኅዋ ውስጥ መፈለግ፦ የትኛውን ዘዴ መቼ እንምረጥ?

አንድ ቬክተር (ርዝመትና አቅጣጫ ያለው መጠን) ከየት እንደሚነሳና ወዴት እንደሚያመለክት ተነግሮን ቬክተሩን እንድናገኝ የምንጠየቅበት ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ አንድ ዓይነት ይመስላል። ነገር ግን አቅጣጫ የሚባለው ነገር በብዙ መልክ ይሰጣል፦ በሁለተኛ ነጥብ፣ በትይዩ ቬክተር፣ ከሦስቱ ዘንጎች ጋር በሚሠሩ ዘዌዎች (ማዕዘኖች)፣ በአግድምና በከፍታ ዘዌ፣ ወይም «ለእነዚህ ለሁለቱ ቀጤ ነክ ነው» (ከሁለቱም ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል) በሚል ሁኔታ። እያንዳንዱ መልክ የራሱ የሆነ አጭር መንገድና የራሱ የሆነ አደጋ አለው። በተማሪዎችና በፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራ ላይ ከሚታዩት ስህተቶች ብዙዎቹ ከስሌት ድክመት ይልቅ ለተሰጠው መልክ የማይስማማ ዘዴ ከመምረጥ የሚመጡ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ዘዴዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ለየትኛው ጥያቄ እንደሚበጅ ይመረምራል።

በጽሑፉ ውስጥ በሙሉ መነሻ ነጥቡ ሀ (2, −1, 4) እንደሆነ እንወስዳለን። በቅንፍ ውስጥ ያሉት ሦስት ቁጥሮች በቅደም ተከተል የኤክስ፣ የዋይና የዜድ ኮኦርዲኔቶች ናቸው። በአንድ መነሻ ላይ መቆየታችን የተለያዩት ዘዴዎች የሚሰጡትን መልስ በቀላሉ ለማነጻጸር ያስችለናል።

መነሻና አቅጣጫ ብቻቸውን ቬክተርን አይወስኑም

ከማንኛውም ምርጫ በፊት የተሰጠንን ነገር በትክክል ማወቅ ይገባል። መነሻ ነጥብና አቅጣጫ ሲሰጡን በእጃችን የገባው ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ማለቂያ ወደሌለው ርቀት የሚዘልቅ ጨረር ነው። በዚህ ጨረር ላይ የሚተኙ፣ መነሻቸውና አቅጣጫቸው አንድ የሆነ፣ ርዝመታቸው ግን የሚለያይ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ቬክተሮች አሉ። አንዱን ለይቶ ለማውጣት ሦስተኛ መረጃ ያስፈልጋል። ይህም ርዝመቱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ የመድረሻው አንድ ኮኦርዲኔት ሊሆን ይችላል፤ ወይም «ጫፉ በዚህ ጠለል (ዝርግ ገጽ) ላይ ያርፋል» የሚል ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ይህን ሦስተኛ መረጃ ካልያዘ ትክክለኛው መልስ አንድ ቬክተር ሳይሆን የቬክተሮች ቤተሰብ ነው፤ መልሱም በዚያው መልክ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው መጨበጥ ያለበት ነጥብ መነሻው በቬክተሩ ኮምፖነንቶች (ቬክተሩ በየዘንጉ አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚሄድ በሚነግሩት ሦስት ቁጥሮች) ውስጥ የማይገባ መሆኑ ነው። ኮምፖነንቶቹ (3, 4, 12) የሆኑ ቬክተር ከሀ ቢነሳም ከኦሪጅን (0, 0, 0) ቢነሳም ያው ቬክተር ነው፤ የሚለየው መድረሻው ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁልጊዜ በሁለት ይከፈላል፤ በመጀመሪያ መነሻውን ወደ ጎን ትተን ቬክተሩን ከአቅጣጫውና ከርዝመቱ እናገኛለን፣ ቀጥሎም መድረሻው ከተጠየቀ ውጤቱን በመነሻው ላይ እንደምራለን። እነዚህን ሁለት እርምጃዎች የሚያደባልቅ ሰው የመነሻውን ኮኦርዲኔት በርዝመት ሲያካፍል ወይም ሲያባዛ ይገኛል፤ ይህም ምንም ትርጉም የሌለው ስሌት ነው። በእርግጥ በሜካኒክስ ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ ለውጥ ያመጣል፤ አንድ ዓይነት መጠንና አቅጣጫ ያላቸው ሁለት ጉልበቶች በአንድ አካል ላይ በተለያየ ቦታ ቢያርፉ አካሉን በተለያየ መንገድ ሊያሽከረክሩት ይችላሉ። ያ ልዩነት ግን ከኮምፖነንቶቹ ስሌት በኋላ፣ ሞመንት (ጉልበቱ አካሉን የማሽከርከር አቅሙ) በሚሰላበት ጊዜ የሚነሳ ነው።

አቅጣጫው በሁለተኛ ነጥብ ሲሰጥ

ይህ ቀላሉ ሁኔታ ነው። መድረሻው ለ (5, 3, 16) ቢሆን ከመድረሻው መነሻውን እንቀንሳለን፦ (5 − 2, 3 − (−1), 16 − 4) = (3, 4, 12)። ርዝመቱ 9 ሲደመር 16 ሲደመር 144፣ ማለትም የ169 ስኩዌር ሩት ስለሆነ 13 ነው። የመቀነሱ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ርዝመቱ ሳይለወጥ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ርዝመቱን ብቻ የሚያመሳክር ሰውም ስህተቱን አያይም።

እዚህ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው ሁለተኛው ነጥብ በእርግጥ መድረሻ ነው ወይስ አቅጣጫ ጠቋሚ ብቻ ነው የሚለው ነው። «ከሀ ተነስቶ ለ ላይ የሚያበቃ» እና «ከሀ ተነስቶ ወደ ለ አቅጣጫ የሚሄድ፣ ርዝመቱ 26 የሆነ» የሚሉት አባባሎች የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በሁለተኛው ላይ ለ የምንመለከትበትን አቅጣጫ ነግሮን ሥራውን ይጨርሳል፤ ጥያቄውም ቀጥሎ ወዳለው ዘዴ ይሸጋገራል። ሁለቱ ነጥቦች አንድ ላይ ካረፉ ደግሞ ልዩነታቸው ዜሮ ቬክተር ስለሚሆን አቅጣጫ የለም፤ በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ይህን አስቀድሞ ካልመረመረ በዜሮ ለማካፈል ይገደዳል።

አቅጣጫው በትይዩ ቬክተርና በርዝመት ሲሰጥ

አብዛኞቹ ጥያቄዎች በዚህ መልክ ይመጣሉ። የአቅጣጫ ቬክተሩን ቀ ብለን እንጥራውና (3, 4, 12) ይሁን፤ የሚፈለገው ርዝመት ደግሞ 26 ነው። መደበኛው መንገድ ቬክተር ቀን በራሱ ርዝመት በ13 አካፍለን ርዝመቱ 1 የሆነውን ዩኒት ቬክተር (3/13, 4/13, 12/13) ማግኘትና ውጤቱን በ26 ማባዛት ነው። መልሱ (6, 8, 24) ይሆናል፣ መድረሻውም (8, 7, 28)።

አቋራጩ መንገድ ግን የሚፈለገውን ርዝመት ለቀ ርዝመት አካፍሎ በተገኘው ቁጥር ቀን ማባዛት ነው። 26 ለ13 ሲካፈል 2 ነው፤ (3, 4, 12) በ2 ሲባዛ (6, 8, 24) ይሰጣል። ሁለቱ መንገዶች በሒሳብ አንድ ናቸው። ቢሆንም በእጅ ለሚሰላ ሥራ ሁለተኛውን ያለማመንታት እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ክፍልፋዮቹ መሀል ላይ አይታዩም፤ ርዝመቱ 10 ቢሆን እንኳ 10/13 አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍና ቬክተሩ (30/13, 40/13, 120/13) ይሆናል። በሌላ በኩል ከአንድ አቅጣጫ ብዙ ቬክተሮችን የሚያወጣ ሰው፣ ለምሳሌ በአንድ ጨረር ላይ በተለያየ ርቀት ያሉ ነጥቦችን የሚፈልግ፣ ዩኒት ቬክተሩን አንድ ጊዜ አስልቶ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል። የምርጫው መለኪያ አቅጣጫው ስንት ጊዜ ያገለግላል የሚለው ነው።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ወጥመድ ከስሌቱ ይልቅ በጥያቄው አነጋገር ውስጥ ይገኛል። ሁለት ቬክተሮች አቅጣጫቸው አንድ ነው ሲባል አንደኛው በፖዘቲቭ ቁጥር ተባዝቶ ሌላኛውን ይሰጣል ማለት ነው። ትይዩ ናቸው ሲባል ግን የሚያባዛው ቁጥር ነጌቲቭም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ከሀ የሚነሳ፣ ለቀ ትይዩ የሆነና ርዝመቱ 26 የሆነ ቬክተር» ለሚለው ጥያቄ መልሶቹ ሁለት ናቸው፦ (6, 8, 24) መድረሻው (8, 7, 28)፣ እንዲሁም (−6, −8, −24) መድረሻው (−4, −9, −20)። ጥያቄው «ተመሳሳይ አቅጣጫ ያለው» ካለ ሁለተኛው ይወድቃል፤ «ተቃራኒ አቅጣጫ ያለው» ካለ የመጀመሪያው ይወድቃል። ይህን ልዩነት ችላ ብሎ ሁልጊዜ ፖዘቲቩን ብቻ የሚጽፍ ሰው በስሌቱ ላይ አንድም ስህተት ሳይሠራ ግማሽ መልስ ይሰጣል።

አቅጣጫው በዘዌ ሲሰጥ፦ ሦስት ዘዌ ወይስ ሁለት?

ንጽጽሩ ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ዘዴዎች «አቅጣጫውን በዘዌ ስጠኝ» የሚለውን ጥያቄ ይመልሳሉ፣ ባሕርያቸው ግን በጣም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ ቬክተሩ ከኤክስ፣ ከዋይና ከዜድ ዘንጎች ፖዘቲቭ ጎን ጋር የሚሠራቸውን ሦስት ዘዌዎች ይወስዳል። የእነዚህ ዘዌዎች ኮሳይኖች የዩኒት ቬክተሩ ኮምፖነንቶች ናቸው፤ ሌላ ቀመር አያስፈልግም። በምሳሌያችን ቀ ከሦስቱ ዘንጎች ጋር በግምት 76.66፣ 72.08 እና 22.62 ዲግሪ ይሠራል፤ ኮሳይኖቻቸውም 3/13፣ 4/13 እና 12/13 ናቸው። የዘዴው ውበት ሦስቱን ዘንጎች በእኩል ዓይን ማየቱ ነው፤ የትኛውም ዘንግ ልዩ ሥፍራ አልተሰጠውም።

ጉድለቱ ደግሞ ሦስቱ ዘዌዎች ነጻ አለመሆናቸው ነው። የሦስቱ ኮሳይኖች ስኩዌር ድምር ሁልጊዜ 1 መሆን አለበት። ስለዚህ ሁለቱ ከተሰጡ ሦስተኛው በከፊል ተወስኗል ማለት ነው። ከኤክስና ከዋይ ዘንጎች ጋር እያንዳንዳቸው 60 ዲግሪ ቢሰጡን ስኩዌሮቹ 1/4 እና 1/4 ስለሆኑ ለሦስተኛው 1/2 ይቀራል፤ ዘዌውም 45 ወይም 135 ዲግሪ ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱን ለመምረጥ ቬክተሩ ወደ ላይ ያዘነብላል ወይስ ወደ ታች የሚል ተጨማሪ መረጃ ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የተሰጡት ዘዌዎች ከነጭራሹ የማይቻሉ ይሆናሉ፦ 30 እና 45 ዲግሪ ብንወስድ ስኩዌሮቹ 3/4 እና 1/2 ስለሆኑ ድምራቸው ገና ከሁለቱ 5/4 ይደርሳል፤ እንዲህ ያለ ቬክተር በኅዋ ውስጥ የለም። ስለዚህ በዚህ መልክ የመጣ ጥያቄ ሲያጋጥም የመጀመሪያው ሥራ የስኩዌሮቹን ድምር ማየት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ዘዴ አቅጣጫውን በሁለት ዘዌዎች ብቻ ይገልጻል። አንደኛው የአግድም ዘዌ ሲሆን የቬክተሩ ጥላ በኤክስና በዋይ ጠለል ላይ ከኤክስ ዘንግ ጀምሮ ምን ያህል እንደዞረ ይነግረናል። ሌላው የከፍታ ዘዌ ሲሆን ቬክተሩ ከዚያ ጠለል ምን ያህል እንደተነሳ ይነግረናል። የአግድሙን ዘዌ ገ፣ የከፍታውን ደግሞ ከ ብንል የዩኒት ቬክተሩ ኮምፖነንቶች እነዚህ ናቸው፦ ኤክስ = ኮሳይን ከ × ኮሳይን ገ፣ ዋይ = ኮሳይን ከ × ሳይን ገ፣ ዜድ = ሳይን ከ። ለምሳሌያችን ገ በግምት 53.13፣ ከ ደግሞ 67.38 ዲግሪ ነው። ከዜድ ዘንግ ጋር ያለው ዘዌ 22.62 እንደነበር ካስታወስን ከ67.38 ጋር ሲደመር 90 መምጣቱ የሚጠበቅ ነው።

ሁለቱን ስናነጻጽር ወሳኝ ሆኖ የማገኘው ቁጥሮች ሲጠጋጉ የሚሆነውን ነገር ነው። ሦስቱን ዘዌዎች ወደ ሙሉ ዲግሪ አጠጋግተን 77፣ 72 እና 23 ብንላቸው የኮሳይን ስኩዌሮቻቸው ድምር 0.993 አካባቢ ይሆናል። ዩኒት ቬክተር ያልነው ነገር ርዝመቱ 1 አልሆነም፤ በ26 ስናባዛው 25.91 ገደማ እናገኛለን። ሁለቱን ዘዌዎች 53 እና 67 ብለን ብናጠጋጋ ግን አቅጣጫው በትንሹ ይዞራል እንጂ ርዝመቱ ምንጊዜም በትክክል 1 ነው፣ ምክንያቱም ቀመሩ ራሱ ለየትኛውም ሁለት ዘዌ ርዝመቱን 1 አድርጎ የተሠራ ነው። በመሣሪያ የተለካ፣ ማለትም ከመጀመሪያውም ስህተት ያለበት መረጃ ሲመጣ ሁለቱን ዘዌዎች መምረጥ ይሻላል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስት ዘዌ ብቻ በእጃችን ካለ ኮሳይኖቹን ከወሰድን በኋላ ቬክተሩን እንደገና በራሱ ርዝመት ማካፈል ግዴታ ነው።

ሁለቱ ዘዌዎችም ቢሆኑ ነቀፋ አያጣቸውም። ቬክተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲቆም ጥላው ነጥብ ይሆንና የአግድሙ ዘዌ ትርጉም ያጣል፤ ወደዚያ ሁኔታ በተጠጋን ቁጥርም በአቅጣጫው ላይ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ በአግድሙ ዘዌ ላይ ትልቅ ዝላይ ያመጣል። ከሁሉ የከፋው ችግር ግን የልማድ ልዩነት ነው። በብዙ የሒሳብና የፊዚክስ ጽሑፎች ላይ ሁለተኛው ዘዌ ከጠለሉ ሳይሆን ከዜድ ዘንግ ወደ ታች ይለካል፤ ያን ጊዜ በቀመሩ ውስጥ ሳይንና ኮሳይን ቦታ ይለዋወጣሉ። ሁለቱን ዘዌዎች ለመጻፍ የሚያገለግሉት የግሪክ ፊደላትም በሒሳብ መጻሕፍትና በፊዚክስ መጻሕፍት መካከል ብዙ ጊዜ ተለዋውጠው ይገኛሉ። በቅየሳና በባሕር ወይም በአየር ጉዞ ደግሞ የአግድሙ ዘዌ ከሰሜን ተነስቶ በሰዓት አቅጣጫ ይቆጠራል። ኤክስ ወደ ምሥራቅ፣ ዋይ ወደ ሰሜን ብንወስድ በሒሳብ ልማድ 53.13 ዲግሪ የሆነው አቅጣጫ በቀያሹ መሣሪያ ላይ 36.87 ዲግሪ ሆኖ ይነበባል። ያን ጊዜ የምሥራቁ ኮምፖነንት ሳይንን፣ የሰሜኑ ደግሞ ኮሳይንን ይወስዳል። በባለ ሦስት ልኬት ሥዕል ፕሮግራሞች መካከልም ተመሳሳይ ልዩነት አለ፤ ብሌንደር ዜድን ወደ ላይ የሚያመለክት ዘንግ ሲያደርግ ዩኒቲ ዋይን ያደርጋል። ስለዚህ ዘዌ የሚሰጥ ሰው ከየት እንደሚቆጠርና ወዴት እንደሚዞር አብሮ መጻፍ አለበት፤ የሚቀበልም ሰው ይህን ሳይጠይቅ ስሌት መጀመር የለበትም።

ርዝመቱ ሳይታወቅ ሲቀር፦ የፓራሜትር ቀመር

ርዝመቱ በቁጥር ያልተሰጠ፣ በእሱ ፋንታ መድረሻው ሊያሟላ የሚገባው ሁኔታ የተሰጠ ከሆነ ከላይ ያሉትን ዘዴዎች ለማስገደድ መሞከር ጊዜ ያባክናል። ትክክለኛው መንገድ ጨረሩን በሙሉ በአንድ ቀመር መጻፍ ነው፦ ነጥብ = ሀ + ተ × ቀ፣ ፓራሜትር የሚባለው ተ ዜሮ ወይም ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር ሆኖ። ለምሳሌያችን ኤክስ = 2 + 3ተ፣ ዋይ = −1 + 4ተ፣ ዜድ = 4 + 12ተ ይሆናል።

መድረሻው ዜድ = 10 በሆነው ጠለል ላይ ያርፋል ከተባለ 4 + 12ተ = 10 ስለሆነ ተ = 1/2 ነው፤ ቬክተሩ (1.5, 2, 6)፣ ርዝመቱ 6.5፣ መድረሻው (3.5, 1, 10)። ጠለሉ ዜድ = 1 ቢሆን ኖሮ ግን ተ = −1/4 ይመጣል። መስመሩ ወደ ኋላ ሲዘረጋ ጠለሉን ይነካዋል፣ ከሀ ወደ ቀ አቅጣጫ የሚሄደው ጨረር ግን አይነካውም፤ መልሱም «እንዲህ ያለ ቬክተር የለም» የሚል ነው። ይህን ፍርድ በዚህ ያህል ግልጽነት የሚሰጥ ሌላ ዘዴ አላውቅም፤ የተ ምልክት ብቻውን ነገሩን ይነግረናል። በተመሳሳይ መንገድ አንድ ነጥብ በጨረሩ ላይ መሆኑን ለማወቅ ከሀ ያለውን ልዩነት ወስደን ከቀ ጋር እናመሳክራለን። ነጥቡ (11, 11, 40) ከሆነ ልዩነቱ (9, 12, 36)፣ ማለትም የቀ 3 እጥፍ ስለሆነ በጨረሩ ላይ ነው። ነጥቡ (−1, −5, −8) ከሆነ ግን ተ = −1 ስለሚመጣ በመስመሩ ላይ ሆኖ ከጨረሩ ውጭ ነው።

በዚህ ቀመር ውስጥ ቀን እንዳለ እናስገባው ወይስ ወደ ዩኒት ቬክተር እንቀይረው? እንዳለ ስናስገባው ተ «የቀ ስንት እጥፍ» ማለት ነው፤ ዩኒት ቬክተሩን ስናስገባ ተ ራሱ ርቀት ይሆናል። ባለፈው ምሳሌ በመጀመሪያው መንገድ ተ = 1/2 ሲሆን በሁለተኛው 6.5 ነው። ጥያቄው ስለ መገናኛ ነጥብ ብቻ ከሆነ ሙሉ ቁጥሮቹን እንዳሉ መተው ይሻላል፤ የቀ ርዝመት እንደ 13 ሙሉ ቁጥር ካልሆነ ስኩዌር ሩት በየመስመሩ እየገባ ስሌቱን ያወሳስበዋልና። ከመነሻው ያለው ርቀት ራሱ ከተፈለገ ወይም ከብዙ ጨረሮች የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ ማነጻጸር ካለብን ግን ዩኒት ቬክተሩ ድካሙን ይክሳል። ርዝመት እስኪጠየቅ ድረስ በርዝመት አለማካፈል ጥሩ ልማድ ነው።

ተን አስወግዶ ሦስት ክፍልፋዮችን እኩል የሚያደርገው አጻጻፍም አለ፦ (ኤክስ − 2)/3 = (ዋይ + 1)/4 = (ዜድ − 4)/12። አጭርና ለዓይን የሚመች ነው፤ ነገር ግን መስመሩን እንጂ ጨረሩን ስለማይገልጽ አቅጣጫው ወዴት እንደሆነ ይጠፋል። ከዚህም በላይ ከቀ ኮምፖነንቶች አንዱ ዜሮ ከሆነ አጻጻፉ በዜሮ ወደ ማካፈል ይወስደናል። መነሻና አቅጣጫ ለሚጠይቅ ሥራ አልመርጠውም።

አቅጣጫው በቀጤ ነክነት ሲገለጽ

አንዳንድ ጊዜ አቅጣጫው በቀጥታ ሳይሰጥ «ለእነዚህ ሁለት ቬክተሮች ቀጤ ነክ የሆነ» ይባላል። ቬክተሮቹ (2, −2, 1) እና (1, 2, 2) ይሁኑ። ክሮስ ፕሮዳክታቸው፣ ማለትም ለሁለቱም ቀጤ ነክ የሆነ ቬክተር የሚሰጠው ብዜት፣ (−6, −3, 6) ነው፤ በ3 ሲቀል (−2, −1, 2) ይሆናል፣ ርዝመቱም 3 ነው። ርዝመቱ 6 የሆነ ቬክተር ከሀ እንዲነሳ ከተፈለገ (−4, −2, 4) ሆኖ መድረሻው (−2, −3, 8) ላይ ያርፋል፤ ወይም (4, 2, −4) ሆኖ መድረሻው (6, 1, 0) ላይ ያርፋል። ቀጤ ነክነት እንደ ትይዩነት ሁሉ ሁለቱንም ጎን ስለሚፈቅድ ተጨማሪ መረጃ ከሌለ ሁለቱም መልስ ናቸው።

አማራጩ መንገድ ሁለት የዶት ፕሮዳክት (ተጓዳኝ ኮምፖነንቶች ተባዝተው ሲደመሩ የሚገኘው፣ ለቀጤ ነክ ቬክተሮች ዜሮ የሚሆነው ቁጥር) እኩልታዎችን ከዜሮ ጋር አስተካክሎ መፍታት ነው። ቀስ ይላል፤ ሆኖም የክሮስ ፕሮዳክትን የምልክት ቅደም ተከተል ለማስታወስ ለሚቸገር ሰው አስተማማኝ ነው። የትኛውንም መንገድ ብንከተል መልሱን በዶት ፕሮዳክት ማመሳከር ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይወስዳል፦ (−2, −1, 2) ከ(2, −2, 1) ጋር −4 + 2 + 2 = 0፣ ከ(1, 2, 2) ጋር ደግሞ −2 − 2 + 4 = 0። አቅጣጫው ለጠለል ቀጤ ነክ ነው ከተባለ ግን ክሮስ ፕሮዳክት ጨርሶ አያስፈልግም፤ የጠለሉ እኩልታ 2ኤክስ + ዋይ − 2ዜድ = 5 ከሆነ ከፊደሎቹ ፊት የቆሙት ቁጥሮች (2, 1, −2) ራሳቸው የምንፈልገው አቅጣጫ ናቸው።

ሥራው በኮምፒውተር ሲሆን

በእጅ ለሚሠራ ስሌት ጥሩ የሆነው ምርጫ በኮምፒውተር ላይ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። የመጀመሪያው ጉዳይ የዘዌ መለኪያ ነው፤ አብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች የሳይንንና የኮሳይንን ዘዌ በራዲያን (ከዲግሪ በተለየ የዘዌ መለኪያ) ይጠብቃሉ። 53 ዲግሪን ሳይቀይር የሚያስገባ ሰው ለኮሳይን 0.60 በሚያገኝበት ቦታ −0.92 አካባቢ ያገኛል። ቬክተሩ ርዝመቱን እንደጠበቀ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚዞር ርዝመቱን ብቻ የሚመረምር ፈተና አይይዘውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከኮምፖነንቶች ወደ አግድም ዘዌ መመለስ ነው። ዋይን ለኤክስ አካፍሎ የታንጀንትን ግልባጭ (ከታንጀንቱ ዘዌውን መልሶ የሚሰጠውን ስሌት) መውሰድ ለ(3, 4) እና ለ(−3, −4) አንድ ዓይነት 53.13 ዲግሪ ይሰጣል፤ የሁለተኛው ትክክለኛ ዘዌ ግን 233.13 ነው። ዋይንና ኤክስን ለየብቻ የሚቀበለውን ባለ ሁለት ግብዓት የታንጀንት ግልባጭ መምረጥ ይህን ችግር ያስወግዳል፤ ኤክስ ዜሮ ሲሆንም አይሰናከልም። አቅጣጫን ለማስቀመጥ ወይም ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ለማስተላለፍ ግን ከዘዌዎች ይልቅ ሦስቱን ኮምፖነንቶች መምረጥ ይሻላል። በዘዌዎቹ ዘንድ ያየነው የልማድ ልዩነት እዚያ ላይ በእጅጉ ይቀንሳል፤ መነጋገር የሚያስፈልገው የትኛው ዘንግ ወዴት ያመለክታል በሚለው ላይ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ የተገኘው ቬክተር በእርግጥ የተሰጠውን አቅጣጫ መያዙን ማረጋገጥ ነው። የተለመደው መንገድ በሁለቱ መካከል ያለውን ዘዌ በዶት ፕሮዳክትና በኮሳይን ግልባጭ ማስላት ነው። ይህ ለሰፊ ዘዌ መልካም ቢሆንም ሁለቱ ቬክተሮች ሊገጣጠሙ ሲቃረቡ ይደክማል፦ የ0.001 ዲግሪ ኮሳይን 0.99999999985 ገደማ ስለሆነ 7 አኃዝ ያህል ብቻ የሚይዝ ቁጥር ከ1 ሊለየው አይችልም፤ ፕሮግራሙም ዘዌው ዜሮ ነው ይላል። የዚያው ዘዌ ሳይን ግን 0.00001745 ያህል ነው፤ በዚያው ቁጥር ያለ ችግር ይጻፋል። ስለዚህ ጥቃቅን የአቅጣጫ ስህተቶችን ለሚፈልግ ሰው የክሮስ ፕሮዳክቱን ርዝመትና ዶት ፕሮዳክቱን አንድ ላይ ለባለ ሁለት ግብዓቱ የታንጀንት ግልባጭ መስጠት የተሻለው ምርጫ ነው፤ ዶት ፕሮዳክቱ ነጌቲቭ ከሆነም ቬክተሩ ትይዩ ሆኖ ወደ ተቃራኒው ጎን መዞሩን በዚያው ስሌት ያሳየዋል።